የጦር መርከብና የሽማግሌዎች ጡረታ
በ1909 በእንግሊዝ አገር ከተደረገው ክርክር ምን እንማራለን?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

አንድ መንግሥት ያለው ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ወሰን የለውም። ትምህርት ቤት ይፈለጋል፣ ሐኪም ቤት ይፈለጋል፣ መንገድ ይፈለጋል፤ አገርን የሚጠብቅ የጦር ኃይልም ይፈለጋል። ሁሉም እውነተኛ ፍላጎት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንዳሉት፣ ለአንዱ የወጣው ገንዘብ ተመልሶ ለሌላው ሊወጣ አይችልም።

በዚህ ዓመት በክፍላችን የክርክር ሰዓት «የመንግሥት ገንዘብ ቅድሚያ ለመከላከያ ይሁን ወይስ ለሕዝብ ኑሮ?» የሚል አርእስት ቀርቦ ነበር። በሁለቱም ወገን ብዙ ጥሩ ንግግር ተደረገ፤ ይሁን እንጂ ከንግግሩ ውስጥ ቁጥር የነበረበት ጥቂት ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ይህ ጥያቄ በሂሳብና በአደባባይ የተመረመረበትን አንድ የታሪክ ምሳሌ ፈልጌ አጠናሁ። ያገኘሁትም በ1909 በእንግሊዝ አገር ስለ ጦር መርከብ ሥራ የተደረገው ታላቅ ክርክር ነው። ለውድ አንባብያን በአጭሩ ላቀርበው እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ክርክሩ ከምን እንደ ተነሣ እንመልከት። እንግሊዝ በባሕር የተከበበች ደሴት ናት። በዚያን ዘመን ሕዝቧ ከሚበላው ስንዴ አብዛኛው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር፤ የምድር ጦሯም ከሌሎቹ የአውሮፓ ታላላቅ መንግሥታት ጦር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። ስለዚህ የባሕር ኃይሏ አጥሯም ጎተራዋም ነበር ማለት ይቻላል። በ1889 ያጸናችው መመሪያም የባሕር ኃይሏ ከእርሷ ቀጥለው ካሉት ከሁለቱ ታላላቅ የባሕር ኃይሎች ድምር እንዳያንስ የሚል ነበር።

በ1904 አድሚራል ጆን ፊሸር የባሕር ኃይሉ የበላይ መኰንን ሆኑ። እኚህ ሰው ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት መርከብ መጨመር ሳይሆን መርከብ መቀነስ ነው። ከ150 የሚበልጡ ያረጁ መርከቦች ከአገልግሎት እንዲወጡ አደረጉ። እነዚህ መርከቦች ከጠላት ጋር ለመዋጋት ጉልበት፣ ከጠላት ለማምለጥም ፍጥነት አልነበራቸውም፤ ሆኖም መርከበኛ፣ የድንጋይ ከሰልና ጥገና ይፈልጉ ነበር። ፊሸር ከዚህ የተረፈውን ገንዘብና ሰው ለአዲስ ዓይነት መርከብ አዋሉት።

አዲሲቱ መርከብ ድሬድኖት ተባለች፤ ትርጉሙም «ምንም የማትፈራ» ማለት ነው። በጥቅምት ወር 1905 በፖርትስመዝ መሠረቷ ተጣለ፤ በየካቲት ወር 1906 ወደ ውሃ ወረደች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሥራዋ ተፈጸመ። ክብደቷ 18,000 ቶን ያኽል ነበር። ከእርሷ በፊት የነበሩት ታላላቅ የጦር መርከቦች የአፋቸው ስፋት 12 ኢንች የሆነ አራት መድፎች ሲይዙ፣ እርሷ ግን እንዲህ ያሉትን አሥር ይዛ ነበር። ተርባይን በሚባል አዲስ ሞተር ስለምትነዳም በሰዓት 21 የባሕር ማይል ትሄድ ነበር። ዋጋዋ 1,780,000 ፓውንድ ያኽል ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ድሬድኖት የሌሎችን መርከቦች ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝን የራሷን ብዙ መርከቦችም በአንድ ቀን አሮጌ አደረገቻቸው። እንግሊዝ በቀድሞው ዓይነት መርከብ ከሁሉ በብዙ ትበልጥ ነበር፤ በአዲሱ ዓይነት ግን ቈጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። የፊሸር ደጋፊዎች «እኛ ባንሠራት ኖሮ ሌላው ይሠራት ነበር» ይሉ ነበር፤ ይህም ከንቱ መልስ አልነበረም፤ አሜሪካና ጃፓንም በዚያው ዘመን ብዙ ከባድ መድፍ ያላቸውን መርከቦች ያስቡ ነበርና።

በጀርመን በኩል አድሚራል ቲርፒትዝ በ1898ና በ1900 በወጡት ሕጎች ታላቅ የባሕር ኃይል መሥራት ጀምረው ነበር። በ1908 ሕጉ ተሻሽሎ ጀርመን እስከ 1911 ድረስ በየዓመቱ አራት ታላላቅ መርከቦች እንድትሠራ ተወሰነ። ይህ ዜና በለንደን ከተማ ጭንቀትን አስነሣ።

በዚያው ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትር አስክዊዝ መንግሥት ለሕዝቡ ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር። ከጥር 1 ቀን 1909 ጀምሮ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድኾች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ጡረታ እንዲቀበሉ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ልጅና ሀብት የሌለው ሽማግሌ የመጨረሻ መጠጊያው የድኾች ማደሪያ ቤት ነበር።

እንግዲህ ሂሳቡን ራሳችን እንሥራ። በሳምንት 5 ሺሊንግ በዓመት 52 ሳምንት ሲባዛ 260 ሺሊንግ ይሆናል፤ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ስለ ነበረ ይህ 13 ፓውንድ ነው። የድሬድኖትን ዋጋ ለ13 ብናካፍለው 137,000 ያኽል ይደርሰናል። ይህም ማለት የአንዲት መርከብ ዋጋ ለ137,000 ሽማግሌዎች የአንድ ዓመት ጡረታ ይበቃ ነበር ማለት ነው። ይህ ሂሳብ መርከቧ አታስፈልግም ማለት አይደለም። ነገር ግን ስለ መርከብ የሚከራከር ሰው በፓውንድ ብቻ ሳይሆን በሚቀረው ነገርም መቊጠር እንዳለበት ያሳየናል።

በ1909 መጀመሪያ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ማኬና በዚያ ዓመት ስድስት ድሬድኖቶች እንዲሠሩ ጠየቁ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅና የንግድ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል አራት ይበቃል ብለው ተቃወሙ። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ ስምንት ካልሆነ አይሆንም አለ፤ ሕዝቡም በየስብሰባው «ስምንት እንፈልጋለን፤ አንጠብቅም!» እያለ ይጮኽ ነበር።

የመርከብ ደጋፊዎች ክርክር ሦስት ዋና ነገር ነበረው። አንደኛ፣ የምድር ጦር ቢሸነፍ ሌላ ማሠልጠን ይቻላል፤ የባሕር መንገድ ቢዘጋ ግን እንግሊዝ ያለ እንጀራ ትቀራለች። ሁለተኛ፣ ታላቅ መርከብ ለመሥራት ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ሊደረስበት አይቻልም። ሦስተኛ፣ ጀርመን ከሕጉ አስቀድማ በስውር መድፍና የብረት ጋሻ እያዘጋጀች ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረታችን የእነርሱን አሳብ በደንብ ይገልጸዋል።

የተቃዋሚዎቹም ክርክር ቀላል አልነበረም። እንግሊዝ ያላት መርከብ ገና ከጀርመን ይበልጣል፤ ወሬውም በተጨባጭ አልተረጋገጠም፤ በፍርሃት የተሠራ መርከብ ሌላውን ያስፈራና እርሱም እንዲጨምር ያደርገዋል፤ ዛሬ የተሠራውም ነገ ያረጃል ይሉ ነበር። ደግሞም የጀርመንን ዝግጅት በማስታወቅ ስሙ የተጠራው ማሊነር የተባለ ሰው የኮቨንትሪ የመድፍ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። መርከብ ሲበዛ የመድፍ ትዕዛዝ ይበዛል። ይህ ብቻውን ወሬውን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን አስተዋይ ዳኛ ምስክሩ ከፍርዱ ምን እንደሚያገኝ ሳይጠይቅ አይፈርድም።

መንግሥቱ በመጨረሻ አራቱ ወዲያው እንዲጀመሩ፣ ሌሎቹ አራት ደግሞ አስፈላጊነታቸው ከታየ እንዲጨመሩ ወሰነ። በሐምሌ ወር 1909 ሁለተኛዎቹ አራትም እንዲሠሩ ተፈቀደ። ስለዚህ አንዱ ስድስት፣ ሌላው አራት ብሎ የጀመረው ክርክር በስምንት ተፈጸመ። በኋላ ሲታይ ግን የተፈራው የጀርመን የስውር ግስጋሴ በተባለው ልክ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ማን ይክፈል?» የሚል ነበር። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሰጠኝ ይህ ክፍል ነው። ሎይድ ጆርጅ መርከቡንም ጡረታውንም ለመክፈል በሚያዝያ ወር 1909 «የሕዝብ በጀት» የተባለውን ሂሳብ ለፓርላማ አቀረቡ። በባለጸጎች ገቢ፣ በውርስና በመሬት ላይ ግብር ተጨመረ። ብዙ መሬት የያዙት መኳንንት የሚሰበሰቡበት የላይኛው ምክር ቤት በጀቱን በ350 ድምፅ ለ75 ጣለው። ስምንት መርከብ ሲጠይቁ ከነበሩት ብዙዎቹ ዋጋው ከእነርሱ ኪስ ሲጠየቅ እምቢ አሉ ማለት ነው። አገሪቱ በ1910 ሁለት ጊዜ ምርጫ አደረገች፤ በጀቱ በዚያው ዓመት በሚያዝያ አለፈ፤ በ1911 የወጣው ሕግ ደግሞ የላይኛው ምክር ቤት የገንዘብ ሕግን እንዳይከለክል አደረገ።

በጀርመንም በዚያው በ1909 ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ቻንስለሩ ፎን ቢሎው ለወጭው መሸፈኛ የውርስ ግብር እንዲሰፋ ጠየቁ፤ የምክር ቤቱ ወግ አጥባቂዎችና ተባባሪዎቻቸው ጣሉት፤ ቢሎውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከጎደለው ገንዘብ ብዙው እንደ ቢራ፣ ትምባሆ፣ ቡናና ክብሪት ባሉት ነገሮች ላይ በተጨመረ ቀረጥ ተሞላ። ይህንንም አብዛኛውን የከፈለው ተራው ሕዝብ ነው። እንግዲህ ሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት መርከብ ሠሩ፤ ዋጋውን የከፈለው ሰው ግን አንድ አልነበረም።

መርከብ ሥራ ይሰጣል የሚለውም ክርክር ሊታለፍ አይገባም። ከስምንቱ አንዷ ተንደረር የተባለችው መርከብ በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኝ አሮጌ የመርከብ ፋብሪካ ተሠራች። በየካቲት ወር 1911 ወደ ውሃ ስትወርድ ለአካባቢው ሠራተኛ ታላቅ ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ሌላ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ስላላገኘ በ1912 ተዘጋ። በመርከብ የተገኘው እንጀራ እውነተኛ እንጀራ ነው፤ መርከቧ ስትፈጸም ግን እንጀራውም ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ማንን ትክክለኛ እንዳደረገ እንመልከት። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝ በድሬድኖት ዓይነት መርከቦች ከጀርመን ትበልጥ ነበር፤ በ1909 የታዘዙት ስምንቱም ሥራቸው ተፈጽሞ ነበር። በግንቦት 31 ቀን 1916 በተጀመረው የጀትላንድ ውጊያ 28 የእንግሊዝ ድሬድኖቶች ከ16 የጀርመን ድሬድኖቶች ጋር ተሰለፉ። ከእንግሊዝ ወገን ከ6,000፣ ከጀርመን ወገን ከ2,500 በላይ ሰው ሞተ። እንግሊዝ የበለጠ ሰውና መርከብ ብታጣም፣ የጀርመን መርከቦች ወደ ወደባቸው ተመለሱ፤ ባሕሩም እንደ ተዘጋባቸው ቀረ። ስለዚህ «ስምንት» ያሉት ሰዎች ፈጽሞ ተሳስተው ነበር ለማለት አይቻልም።

ነገር ግን በ1909 እምብዛም ያልተጮኸላቸው ሁለት ነገሮች እንግሊዝን ወደ ታላቅ አደጋ አቀረቧት።

የመጀመሪያው የወደብ ነገር ነው። መርከብ እንደ በቅሎ ነው፤ የገዛው ሰው ጋጣውንና ገብሱንም ማሰብ አለበት። ከጀርመን ትይዩ ባለው በምሥራቁ የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ እነዚያ ታላላቅ መርከቦች የሚጠገኑበት በቂ ሥፍራ አልነበረም። በስኮትላንድ በሮሳይዝ እንዲሠራ የታሰበው ወደብ ሥራው በ1909 ተጀምሮ መርከብ ሊቀበል የቻለው በ1916 ነው። ስካፓ ፍሎው የተባለው የሰሜን መጠጊያም ጦርነቱ ሲጀመር ከሰርጓጅ መርከብ የሚከላከል አጥር አልነበረውም። ስለዚህ በ1914 መከር ታላቁ የመርከብ ጭፍራ ከዚያ ሸሽቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። በዚያም በጥቅምት ወር ኦዴሺየስ የተባለችው አዲስ ድሬድኖት በሰሜን አየርላንድ አጠገብ ከአንድ የባሕር ፈንጂ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ሚሊዮኖች የፈሰሱባት መርከብ ዋጋው እጅግ ትንሽ በሆነ ነገር ጠፋች።

ሁለተኛው የሰርጓጅ መርከብ ነገር ነው። ጀርመኖች በ1917 በሰርጓጅ መርከብ የንግድ መርከቦችን ያለ ማስጠንቀቂያ መምታት ጀመሩ። በሚያዝያ ወር ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ የንግድ መርከብ ሰጠመ። በ1909 የተፈራው ረኃብ በእውነት ቀረበ፤ የመጣው ግን በድሬድኖት አልነበረም፤ ድሬድኖትም ሊያስቆመው አልቻለም። ያዳነው የንግድ መርከቦችን በቡድን አድርጎ በጦር መርከብ አጅቦ መውሰድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ደግሞ ዴስትሮየር የሚባሉት ትንንሽና ፈጣን መርከቦች ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ታላላቆቹን መርከቦች በመጠበቅ ተይዘው ስለ ነበር እጥረት ሆነ፤ አሜሪካ በግንቦት 1917 የላከቻቸው ዴስትሮየሮችም በታላቅ ደስታ ተቀበሏቸው።

የድሬድኖት የራሷም ዕድል የሚገርም ነው። ያንን ሁሉ ሩጫ ያስነሣችው መርከብ በጀትላንድ ውጊያ አልነበረችም። በጦርነቱ ያሰጠመችው አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያደረገችው በመጋቢት 1915 በመድፏ ሳይሆን በአፍንጫዋ ገጭታ ነው። በ1921 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የጀርመኑ ጭፍራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በወደብ ተቀምጦ ኖሮ፣ በ1918 መርከበኞቹ ዐመፁ፤ በሰኔ 21 ቀን 1919 በስካፓ ፍሎው በገዛ ሰዎቹ እጅ ሰጠመ። በዋሽንግተን ስብሰባ በ1922 መንግሥታቱ የታላላቅ መርከቦችን ቁጥርና ክብደት በውል ወሰኑ። ሁሉም እንዳይቀድመው የፈራውን ሩጫ በስምምነት ማቆም እንደሚቻል ያን ጊዜ ታየ።

ከዚህ ጥናት እኔ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው። የ1909 ክርክር «ስንት?» በሚል ጥያቄ ጀምሮ በዚያው ስለ ቀረ ጎደሎ ነበር። ከ«ስንት?» በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። የምንፈራው አደጋ በእርግጥ ምንድን ነው? ለዚያ አደጋ የሚስማማው መሣሪያ የትኛው ነው? ከዋጋው ሌላ ወደቡ፣ ጥገናውና መርከበኛው ምን ያኽል ያስወጣል? በመጨረሻም ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል፣ ምንስ ይቀርበታል? እነዚህን ሳይመልሱ ቁጥር መጥራት ጩኸት እንጂ ምክር አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ለባለጸጋ አገሮች ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የእኛም አገር ይህን ምርጫ አይታዋለች። ኢትዮጵያ በ1955 ምጽዋን ጣቢያ አድርጋ የባሕር ኃይል ስታቋቁም አዲስ ታላቅ መርከብ አላሠራችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የባሕር አውሮፕላኖችን እንድትረዳ የሠራቻትን ኦርካ የተባለችውን መርከብ በ1962 ተቀብላ «ኢትዮጵያ» ብላ ሰየመቻት፤ ለመኰንኖችና ለመርከበኞች ማሠልጠኛም አዋለቻት። በኖርዌይ መኰንኖች ርዳታም የባሕር ትምህርት አስፋፋች። አቅም ላነሰው መንግሥት ይህ አስተዋይ መንገድ ይመስለኛል፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ አልነበራትም፤ የባሕር ኃይሉም በኋላ ፈረሰ። መርከብ ያለ ወደብ እንደማይቆም ከሮሳይዝ የተማርነውን ከራሳችን ታሪክም እናገኘዋለን።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእኛ መካከል ግብር የሚከፍል፣ በጀት የሚያዘጋጅ፣ ወታደር ሆኖ በዚያ መሣሪያ የሚዋጋም ይኖራል። ያን ጊዜ አንዱ ወገን «አገር ትጠበቅ» ሲል ሌላው «ሕዝብ ይብላ» ሲል እንሰማለን። ሁለቱም አገር ወዳድ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኛ ድርሻ ከሚጮኸው ጋር መጮኽ ሳይሆን፣ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ በ5 ሺሊንግ እንዳደረግነው ሂሳቡን መሥራት ነው። ሽማግሌውም መርከበኛውም የአንድ አገር ልጆች ናቸውና፣ ለአንዱ የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ምን እንደሚወስድ ሁለቱም ሊነገራቸው ይገባል።